ቀዩ ቀለም የት ሄደ?

«ተጽፏል» እና «ተነቧል» አንድ አይደሉም። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር 26 ቀን፣ በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ በዓል ዕለት፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በር ላይ ቆሜ ነው።

አክስቴ ከ30 ዓመት በላይ የኖሩት አሜሪካን አገር ነው። ተወልደው ያደጉት አዲስ አበባ ሲሆን፣ ወሎን የሚያውቁት የአምባሰል ሰው ከነበሩት ከአባታቸው አፍ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት አንድ የጉዞ ማኅበር በኢሜይል የጥሪ ወረቀት ላከላቸው። ጥሪውን ባዩ በሳምንቱ ትኬት ቆረጡ፤ ሁለት ጓደኞቻቸውንም አስከተሉ። እኔም አጃቢ ሆኜ ከአዲስ አበባ አብሬ ተነሣሁ። ደሴ አደርን። በማግሥቱ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ሐይቅ ከተማ ገባን፤ ከዚያም ጥንት ደሴት ወደነበረው፣ ዛሬ ግን ከየብስ ተያይዞ በውሃ ወደተከበበው ወደ ገዳሙ መሬት አመራን። በሩ ላይ ስንደርስ አንድ አባት ቀረብ ብለው፣ «እናቴ፣ ከዚህ ወዲያ ለሴት አልተፈቀደም፤ ከጥንት የቆየ ሥርዓት ነው» አሏቸው፤ በትሕትና።

አክስቴ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ አስተባባሪው ዞርሁ። (እኔ ሥርዓቱን አውቅ ነበር። እሳቸውም ያውቃሉ ብዬ አለመናገሬ የራሴ ጥፋት ነው፤ ከዚህ አልሸሽም።) አስተባባሪው ስልኩን አወጣ፣ ጥሪውን ከፈተ፣ በሁለት ጣቱ ለጠጠው፤ አሁንም ለጠጠው፤ ደግሞ ለጠጠው። «ይኸው እማማ፣ ተጽፏል» አለ። እውነቱን ነው፤ ተጽፏል። በሐይቁ ውሃ ላይ፣ በነጭ ፊደል፣ የማለዳ ፀሐይ ውሃውን ነጭ ባደረገችው ቦታ ላይ ተጽፏል።

«ልጄ፣ ማንበብስ አላቃተኝም ነበር» አሉ አክስቴ። «የተጻፈበትን አጣሁት እንጂ።»

ከበሩ ውጭ ካለው ዛፍ ሥር ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። አሥራ ሦስት ሺህ ምናምን ኪሎ ሜትር የተበረረው እዚያ ዛፍ ሥር ለመቀመጥ ሆነ።

እስቲ ጥሪውን ልግለጸውና አንባቢ ይፍረድ። ከላይ ጫፍ እስከ ታች ጫፍ አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ ሐይቁ በማለዳ። በላዩ ላይ የወርቅ ቀለም የተቀባ፣ ጥላ የወደቀበት፣ በጥላው ላይ ሌላ ጥላ የተደረበበት ርዕስ፦ «ታላቅ መንፈሳዊ የጉዞ ጥሪ!!!»። ሦስት ቃለ አጋኖ። በአራቱም ዳር ሐረግ አለ፤ ሐረጉም እንደ ወጉ ዳር ላይ አልቆመም፤ ሣሣ ብሎ ወደ ጽሑፉ ሥር ገብቷል። በቀኝ የቅዱስ እስጢፋኖስ ሥዕል፣ በግራ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ሥዕል፣ በመካከል የማኅበሩ ዓርማ። ከዚያ በታች የሰባት ኮሚቴ አባላት ስም ከነፎቶግራፋቸው። ከእነርሱ ሥር የደጋፊ ድርጅቶች ምልክት ተደርድሯል። በመጨረሻም፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ዋጋው፣ ስልክ ቁጥሩና ያ የሴቶች ነገር። ስድስት ዓይነት የፊደል ቅርጽ ቆጠርሁ።

ይህን የሠራው ወጣት ሰነፍ አልነበረም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሌሊቱን ሙሉ እንደደከመበት ያስታውቃል። ጥላውን ያስተካከለበት ትጋት፣ ወርቁን ያብረቀረቀበት ብልሃት፣ ሁሉም አለ። የጎደለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህን የሚከፍተው ሰው በመጀመሪያ ማየት ያለበት ምንድን ነው?

ወዲያው የሚሰጠኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ጋሼ፣ የዛሬ ሰው አያነብም፤ ያያል» ይሉኛል። ይህን አባባል ከማስታወቂያ ሠሪዎች፣ ከኮሚቴ ሊቃነ መናብርት፣ አልፎ ተርፎም ከጋዜጠኞች አፍ ሰምቼዋለሁ። እሺ፤ ያያል እንበል። ታዲያ ምን እንዲያይ አደረጋችሁት? ሰው የሚያየው ከሆነማ ዓይኑ የት እንደሚያርፍ አስቦ መሥራት ይበልጥ ግድ ይላል እንጂ፣ ዓይን ማረፊያ እንዲያጣ ማድረግ የዚህ አባባል መደምደሚያ ሊሆን አይችልም።

ነገሩን መራራ የሚያደርገው ደግሞ ቦታው ነው። ጥሪው የተጻፈለት ገዳም በአገራችን ስለ ጽሑፍ አቀማመጥ ከሚያስተምሩት ቦታዎች አንዱ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሐይቅ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርትም ከዚያ ወጡ። የገዳሙ አለቆች «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕርግ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ሥልጣን ነበራቸው። ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ ያስጻፉት አራቱ ወንጌል በ1273 ዓ.ም. ገደማ፣ ማለትም በ1280/81 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ነው። ዘመናቸው በውል ከታወቀ ሥዕል ካላቸው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት መካከል ከቀደምቶቹ ይቆጠራል። የራሳቸው የኢየሱስ ሞዐ ሥዕል ሳይቀር አለበት። የብራና መጻሕፍት በማይክሮ ፊልም ሲነሡ 1832 ቁጥር የተሰጠው ይኸው መጽሐፍ ነው።

አሁን አንድ ነገር እንመልከት። በእንዲህ ያለው ወንጌል ሥዕሉ የራሱ ገጽ አለው፤ ቃሉም የራሱ ገጽ አለው። ሥዕሉ ከቃሉ ጀርባ ተደብቆ አይቆምም፤ ቃሉም በሥዕሉ ፊት ላይ አይጻፍም። ሠዓሊው ሐይቁን አላየውም ይሆን? ማለዳ ማለዳ ከፊቱ ተዘርግቶለት ነበር። ነገር ግን የማርቆስን ወንጌል በሐይቁ ውሃ ላይ አልጻፈም።

ስለ ቀዩ ቀለምም ላንሣ። ጸሐፊው ብራናውን ፍቆና ወጥሮ፣ በወስፌ በስቶ፣ ቀለም በሌለው መስመር አስምሮ ሲያበቃ ሁለት ቀለም ይዞ ይቀመጣል፤ ጥቁርና ቀይ። ጥቁሩ ለነገሩ ሁሉ ነው። ቀዩ ለመነሻው መስመር፣ ለቅዱሳን ስም፣ ለዕለቱ ነው። ስንክሳር ገልጦ የሚያነብ ካህን የዕለቱ ንባብ ከየት እንደሚጀምር ለማወቅ መነጽር አያሻውም፤ በጧፍ ብርሃንም ቢሆን ቀዩ ራሱ ይጠራዋል። ቀዩ የሚጠራውም ጥቂት ስለሆነ ነው። ገጹ ሁሉ ቀይ ቢሆን ኖሮ ቀይ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። በዚያ የጉዞ ጥሪ ላይ ግን ቀይ አለ፣ ወርቅ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ የሰንደቅ ዓላማ ጥብጣብ አለ። ሁሉም በአንድ ላይ ይጮኻል። ገበያ መካከል የቆመ ሰው የሚሰማው ጩኸቱን ነው እንጂ ነገሩን አይደለም።

ሐረግም እንዲሁ ነው። ሐረግ የመጽሐፉ ደጃፍ ነው፤ የምዕራፉ ራስ ላይ ይሳልና «እዚህ ግባ» ይላል። ሐረጉን ከጽሑፍ ሥር እንደ ምንጣፍ ማንጠፍ በሩን ነቅሎ ወለል ላይ እንደማስተኛት ነው። ከዚያ «ባህላችንን ተጠቅመን ነው» ይሉናል። ባህሉን አልተጠቀማችሁበትም፤ ለበሳችሁት እንጂ።

እኔ በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኜ ስላደግሁ ለዚህ ነገር ዓይኔ ክፉ ነው። የእርሳስ ፊደል ስንለቅም በእጃችን የነበረው ሁለት ወይም ሦስት መጠን ነበር። የሠርግ ካርድ ሲመጣ ትልቁን ለሙሽሮቹ ስም፣ መካከለኛውን ለቀኑና ለቦታው፣ ትንሹን ለቀረው እናደርግ ነበር። ጥበበኞች ስለነበርን አይደለም፤ ሌላ ፊደል ስላልነበረን ነው። ድህነታችን ሥርዓት አስያዘን ማለት ይቻላል። ኮምፒዩተሩ መጣና መቶ ቅርጽ በአንድ ጠቅታ ሰጠን፤ ያን ጊዜ ሥርዓቱ ከራሳችን መምጣት ነበረበት። አልመጣም።

አንድ ምክንያት ግን ለወጣቶቹ ልስጥላቸው፤ ፍርደ ገምድል አልሁን። አማርኛን በሥዕል መልክ የመላክ ልማድ ከስንፍና አልተወለደም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሠሪ የራሱ አቀማመጥ ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጥብ ክምር ሆኖ ይወጣ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል ተቀበለ። ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ስልኮቻችን አማርኛን ባዶ ሣጥን እያደረጉ ያሳዩን ነበር። ስለዚህ ሰው ጽሑፉን ፎቶግራፍ አድርጎ መላክን ተማረ፤ ቢያንስ በሥዕል መልክ ሲላክ ፊደሉ አይሰበርም። ትክክለኛ ዘዴ ነበር። በሽታው ከዳነ በኋላም መድኃኒቱን መዋጥ ግን ሌላ በሽታ ነው። ዛሬ ፊደላችን በየስልኩ ይነበባል። በሥዕል የታሰረ ጽሑፍ ግን ስልክ ቁጥሩ እንደ ልብ ተነክቶ አይደወልም፤ የቦታው ስም እንደ ልብ ተቀድቶ ካርታ ላይ አይፈለግም፤ ጽሑፍን በድምፅ ለሚያስነብብ ዓይነ ስውር ብዙ ጊዜ «ሥዕል» ከማለት በቀር የሚነግረው ነገር የለም። አንዳንድ የኢሜይል መክፈቻዎች ደግሞ ሥዕልን ሳይፈቀድላቸው አያሳዩም። ያን ጊዜ ተጋባዡ የሚያየው ባዶ ነጭ ገጽ ነው። ሠርግ ተጠርቷል፤ ማን እንደጠራው አያውቅም።

የፊደላችን ጠባይም መታወቅ አለበት። ፈረንጅ የሚያስተምረን የማስታወቂያ አሠራር ለላቲን ፊደል የተቆረጠ ልብስ ነው። እነርሱ ትልቅና ትንሽ ፊደል አላቸው፤ ርዕስ ሲፈልጉ ትልቁን ያወጣሉ። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም፤ ስለዚህ ልዩነቱን በመጠን፣ በቀለምና በባዶ ቦታ ማምጣት አለብን። እነርሱ ፊደል ሲያጋድሉ ያምርላቸዋል፤ የእኛ ሲያጋድል የሚወድቅ አጥር ይመስላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእኛ አናባቢ የሚኖረው በቅጥያ ነው፤ በ«ሊ» እና በ«ሌ» መካከል ያለው አንዲት ትንሽ ቀለበት ናት። ፊደሉን ስታወፍሩት ቀለበቷ ትደፈናለች፤ ስታሳንሱት ትጠፋለች፤ ጥላ ስትደርቡባት ሌላ ፊደል ትሆናለች። ላቲኑ ሊሸከመው የሚችለውን ጌጥ ሁሉ አማርኛው ይሸከማል ማለት አይደለም። በጽሑፍና በጀርባው መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን የሚለው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ መመዘኛ ለእኛ እንዲያውም ያንሰናል እላለሁ።

የፈረንጁን ትምህርት ሁሉ ግን አልጥለውም። ጽሑፉ በአንድ ዓምድ ይውረድ፣ በስልክ ጠባብ መስኮት ይነበብ፣ አንድ ጥሪ አንድ ነገር ይጠይቅ የሚሉት እውነት ነው። እነርሱም ቢሆኑ ይህን የተማሩት ተዋርደው ነው። የመጀመሪያው የገበያ ኢሜይል የሚባለው በ1978 እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር የተላከው ነው። ጌሪ ተርክ የተባለ የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የገበያ ሰው አርፓኔት በሚባለው መረብ 400 ለሚሆኑ ሰዎች አንድ መልእክት ላከ። ምን ነበር ቢሉ፣ ጥሪ ነበር! ካሊፎርኒያ ውስጥ አዲስ ኮምፒዩተር ስለምናሳይ ኑና እዩ የሚል። ጽሑፉ በሙሉ በትልልቁ ፊደል የተጻፈ ነበር፤ የተጠሪዎቹ አድራሻ ብዛት ደግሞ ከተመደበለት ቦታ ሞልቶ ወደ መልእክቱ አካል ፈሰሰ። ስለዚህ አንባቢው ጥሪው ዘንድ ለመድረስ የአድራሻ ጎርፍ መሻገር ነበረበት። ጥሪውም በቁጣ ተቀባበሉት። የኮሚቴ ስም ከቀኑ በላይ የሚደረድሩት የእኛዎቹ ልጆች የጥንት ዘመድ አላቸው ማለት ነው።

ኮሚቴውን ካነሣሁ አይቀር፣ እውነተኛው ጥፋተኛ ያ ነው። ወጣቱን ጠርቼ ጠይቄው ነበር። መጀመሪያ የሠራው ንጹሕ ነበር፤ ሥዕሉ ከላይ፣ ጽሑፉ ከታች፣ ቀኑ ጎላ ብሎ። ለኮሚቴ ቀረበ። አንደኛው «ባዶ ቦታ በዛ፤ ለዚህ ነው የከፈልንህ?» አለ። ሁለተኛው ስሙ ከጓደኛው ስም በታች መሆኑን አልወደደም። ሦስተኛው ደጋፊዎቹ እንዳይቀየሙ ምልክታቸው ይተልቅ አለ። አራተኛው «ወርቅ አድርገው፤ በዓል እኮ ነው» አለ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ለሁሉም የሚናገር ሰው ነበረ፤ ጥሪውን ለምትከፍተዋ የ70 ዓመት ሴት የሚናገር ግን አልነበረም። ባዶ ቦታ እንደ ብክነት የሚታይበት አገር ላይ ነን። የብራናው ጸሐፊ ግን ያን ያህል የተለፋበትን የፍየል ቆዳ ኅዳጉን ሰፊ አድርጎ ይተወው ነበር። ብራና ከኢሜይል ይልቅ ርካሽ ሆኖ ነው?

በዚያ ጥሪ ላይ ቀኑ «12/5» ተብሎ ነበር የተጻፈው። ሰዓቱ «2:00»። አሜሪካን ላለው ሰው ዲሴምበር 5 ነው፤ በዚያ ዓመት ኅዳር 26 የዋለው በዚያው ቀን ስለሆነ ልክ ነው። አውሮፓ ላለው ግን ሜይ 12 ነው። አዲስ አበባ ላለው ደግሞ 12ኛው ቀን በ5ኛው ወር፣ ማለትም ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ! ሰዓቱም አገር ቤት ላለው ፀሐይ ሞቅ ስትል ነው፤ ውጭ ለከረመው ከሌሊቱ 8 ሰዓት። «ኅዳር 26 ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ስንት ፊደል ይፈጃል? ለሦስቱ ቃለ አጋኖ ቦታ አልጠፋም።

የባንኩና የመደብሩ የበዓል ኢሜይል ከዚህ ብዙ አይለይም። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ፊደሉን ሸፍኖት ይመጣል፤ ለፋሲካ ዶሮዋ ዋጋው ላይ ትቆማለች። ስለ እነርሱ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የጥንቱ የጥሪ ካርድ ፖስታ ላይ «ለአቶ እገሌ ከነባለቤትዎ» ተብሎ በእጅ ይጻፍ ነበር። ዛሬ «አሁኑኑ ተመዝገብ» የሚል ሰማያዊ ቁልፍ ይመጣል። ለማን ነው «ተመዝገብ» የሚለው? ለአባቴ? ከፈረንጅ ቅጽ ላይ ሲገለብጡ አንቱታን ረስተው ይገለብጣሉ። ዓይንን የሚያስከብር አቀማመጥ ሰውን ከሚያስከብር ግስ ጋር ካልሄደ ጥሪ መሆኑ ይቀርና ትእዛዝ ይሆናል።

በተከታዩ ዓመት፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ብዙ ስለጮኽሁ ይመስለኛል፣ የዚያው ማኅበር ሰዎች «እንግዲያው አንተ ሥራው» አሉኝ። አራት መስመር ጻፍሁ። የመጀመሪያው የበዓሉ ስምና ቦታው። ሁለተኛው ቀኑና ሰዓቱ፣ በአማርኛ ወር ስም። ሦስተኛው በቀይ፦ «በገዳሙ ሥርዓት መሠረት ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም፤ ለእናቶችና ለእኅቶች ከበሩ ውጭ የጸሎትና የማረፊያ ቦታ ይዘጋጃል»። ማረፊያውን አስቀድሞ ማዘጋጀት እንደሚያስፈልግ የታወቀው እንኳ ያ መስመር ጎልቶ ከታየ በኋላ ነው። አራተኛው ስልክ ቁጥር፣ ሲነኩት የሚደወል። ኮሚቴው መለሰው፤ «ደረቀ፣ ለቅሶ መጥሪያ መሰለ» አሉ። ደግሜ ላክሁት። ሁለት ሳምንት ተከራከርን። በመጨረሻ የኮሚቴ አባላቱን ስም ሁሉ በአንድ መስመር ከግርጌ አድርጌ ታረቅን።

ጥሪው በወጣ በማግሥቱ አክስቴ ከአሜሪካ ደወሉልኝ። አራቱንም መስመር በስልክ ጮክ ብለው አነበቡልኝ፤ አንድም ቃል አልሳቱም። ደስታዬን ሳልጨርስ፣

«ሐይቁስ? ሐይቁን የት አደረስከው?» አሉኝ። «ያን ጊዜ ትኬት ያስቆረጠኝ እኮ እሱ ነበር። አባቴ የሚያወራልኝን ውሃ በዓይኔ ያየሁት መጀመሪያ በዚያ ሥዕል ነው።»

ምን ልመልስ? ስልኩን ዘግቼ ፎቶግራፉን ፈለግሁት። ጥላውንም ወርቁንም አነሣሁለትና ከአራቱ መስመር በታች፣ ምንም ሳይጻፍበት፣ ለብቻው አስገባሁት።